በአሜሪካ ለመራጮች ምዝገባና ለዜጎች ተሳትፎ ስትደራጁ፦ የትኛው ዓይነት ድርጅት ይሻላችኋል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዳላስ፣ አትላንታ፣ ሚኒያፖሊስ፤ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች ሁሉ ስምንት አሥር ሰው ሰብሰብ ብሎ እንዲህ ይላል፦ «ወገናችን ዜግነት ወስዶም አይመርጥም። ካውንቲው ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ አውቶቡሱ ሲወስን ከኛ ሰው አንድም አዳራሹ ውስጥ የለም። አንድ ነገር እናድርግ።» ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ያስፈልጋልም። ችግሩ ስብሰባው ብዙ ጊዜ ወዲያው «መጀመሪያ 501ሲ3 (ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፈቃድ) እናውጣ» ወደሚለው መዞሩ ነው። ከዚያ ወራቱ በመተዳደሪያ ደንብና በሊቀ መንበር ምርጫ ያልቃሉ፤ አንድ ሰው ሳይመዘገብ ምርጫው ያልፋል።

የድርጅቱ ዓይነት ሥራውን ተከትሎ ነው መመረጥ ያለበት። ወረቀት ከመሙላታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተነጋግራችሁ ወስኑ። አንደኛ፣ የሕግ አውጪ አካላትን «ይህን ሕግ አጽድቁ፣ ይህን ጣሉ» ልትሉ ነው? ሁለተኛ፣ አንድን ተወዳዳሪ በስም ልትደግፉ ነው? ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ የመጀመሪያው ሙቀት ከበረደ በኋላ፣ በሦስተኛው ዓመት፣ የመንግሥቱን ፎርም በጊዜው የሚያስገባው ማን ነው? በስም የሚጠራ ሰው ከሌለ የራስን ድርጅት ማቋቋም ገና ነው።

ሳይመዘገቡ መሥራት

ሕጋዊ ድርጅት ሳይኖራችሁ የመራጮች ምዝገባ መሥራት ትችላላችሁ። ቀላሉ መንገድ ሥራውን ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ገለልተኛ ድርጅት ውስጥ በቡድን መግባት ነው። የሴት መራጮች ሊግ እ.ኤ.አ. በ1920 የተመሠረተ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ነው፤ ስሙ እንዲያ ቢልም ወንዶችም አባል ይሆናሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ አዲስ ዜጎች ቃለ መሐላ በሚፈጽሙበት ሥነ ሥርዓት ላይ ሳይቀር የምዝገባ ጠረጴዛ ይዘረጋ ነበር። ሥልጠናው፣ ፎርሙና ከምርጫ ቢሮው ጋር ያለው ግንኙነት የእነሱ ነው። እናንተ የምታመጡት እነሱ የሌላቸውን ነው፦ አማርኛውን፣ ትግርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ እንዲሁም ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ የሚሰበሰበውን ሕዝብ።

የየስቴቱ ደንብ ስለሚለያይ ይህ መንገድ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ቨርጂኒያ ውስጥ 25 እና ከዚያ በላይ ባዶ ፎርም የሚወስድ ቡድን በስቴቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት መመዝገብና ሥልጠና መውሰድ አለበት። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ የሌላ ሰው ፎርም የሚሰበስበው ሰው ራሱ በካውንቲው «የበጎ ፈቃድ ምክትል መዝጋቢ» ሆኖ መሾም አለበት፤ የተሞላውን ፎርም በ5 ቀን ውስጥ ማስረከብ ግዴታው ነው። ሚኒሶታ የተፈረመ ፎርም በ10 ቀን ውስጥ እንዲገባ ታዝዛለች። አንድ ሰው በቅንነት ፎርሞቹን መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ለሁለት ሳምንት ቢረሳቸው፣ ሰዎቹ ሳይመዘገቡ ሊቀሩ፣ ቡድኑም በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

የዚህ መንገድ ድክመት ገንዘብ ላይ ነው። ለውኃ፣ ለጠረጴዛ፣ ለወረቀት ማባዣ መዋጮ ሲመጣ በአንድ ሰው የግል ሂሳብ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) መሰብሰብ ይጀመራል። ሰውየው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን የማኅበር ገንዘብና የቤት ወጪ አንድ ሂሳብ ውስጥ ከተቀላቀለ በኋላ ማንም ሊያጠራው አይችልም። ስንት ማኅበር በዚህ ፈርሷል! ቢያንስ ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) የቀጣሪ መለያ ቁጥር አውጡና በቡድኑ ስም የባንክ ሂሳብ ክፈቱ፤ ሁለት ፈራሚ ይኑረው። ቁጥሩን አይአርኤስ የሚሰጠው በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቋችሁ ድረ ገጾች የአይአርኤስ አይደሉም።

እዚህ ላይ ስለ እድር አንድ ነገር። ሥራውን ካለው እድር ሥር ማድረግ ብዙዎችን ያጓጓል፤ አባል አለ፣ ሂሳብ አለ፣ መተማመን አለ። ነገር ግን የእድር ገንዘብ ለአባላት ሐዘን የተዋጣ ነው፤ አባላቱም በፖለቲካ አንድ አይደሉም። እድሩ አዳራሹን ይስጣችሁ፣ በስብሰባው ላይ አሥር ደቂቃ ይፍቀድላችሁ፤ ካዝናው ግን ይለይ።

በሌላ ድርጅት ጥላ ሥር

አሜሪካኖቹ ፊስካል ስፖንሰር ይሉታል። አስቀድሞ የ501ሲ3 ፈቃድ ያለው ድርጅት ሥራችሁን እንደ ራሱ ፕሮጀክት ይቀበላል። ለጋሹ ቼኩን የሚጽፈው ለእሱ ነው፤ ከግብር የሚቀነስ ደረሰኝ የሚሰጠውም እሱ ነው። ሂሳብ አያያዙን፣ ዓመታዊ ፎርሙን፣ ብዙ ጊዜም ኢንሹራንሱን ይሸከማል። ለዚህ ከሚገባው ገንዘብ ድርሻ ይወስዳል፤ የተለመደው ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው።

አዲስ ለሚጀምር የሐበሻ ቡድን ከሁሉ የምንመክረው ይህንን ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራ ይጀመራል፤ አንድ ወይም ሁለት የምርጫ ዙር ሠርታችሁ ማን እንደሚቀጥልና ማን እንደሚደክም ታያላችሁ። «የኛ ስም ይጠፋል» የሚለው ቅሬታ እውነት አለው፤ ግን ስሙ የሚጠፋው ውሉ ላይ ካልተጻፈ ነው።

እንግዲህ ውሉን ስትፈርሙ ጊዜ ስጡት። ድርሻው የሚሰላው ከሁሉም ገቢ ነው ወይስ ከተወሰነው? ወጪ ከጠየቃችሁ በኋላ ቼኩ በስንት ቀን ይወጣል? የሂሳብ መግለጫ በየወሩ ይደርሳችኋል? የቡድኑ ስም፣ የቴሌግራም ቻናሉና የስልክ ዝርዝሩ የማን ነው? ለመለያየት ስንት ቀን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፣ የተረፈውስ ገንዘብ ወደየት ይሄዳል? እያንዳንዱ በጽሑፍ ይስፈር። በሕግ ፊት ገንዘቡ የስፖንሰሩ መሆኑን አትዘንጉ፤ ቁጥጥሩ የእሱ ካልሆነ ለለጋሹ የተሰጠው ደረሰኝ ራሱ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ስፖንሰሩ ቢከስር ወይም ፈቃዱን ቢያጣ የእናንተም ገንዘብ አብሮ ይታሰራል። ከመፈረማችሁ በፊት ስሙን አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ባለው የግብር ነጻ ድርጅቶች መፈለጊያ ውስጥ አስገቡና ፈቃዱ ያልተሰረዘ መሆኑን፣ የቅርብ ዓመታት ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ መግለጫ ያስገባ መሆኑን አረጋግጡ። ድርጅቱ የሚመራው በጓደኛችሁ ቢሆንም ይህን ማድረግ አለባችሁ።

ለስፖንሰርነት ቤተ ክርስቲያንን የሚመርጡ አሉ። የቦታና የሰው በረከት አለው፤ ገለልተኛ የመራጮች ምዝገባም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይፈቀዳል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ከዚህ በታች የምንገልጸውን የሎቢ (ሕግ አውጪዎችን ሕግ እንዲያጸድቁ ወይም እንዲጥሉ የመወትወት) ስሌት መምረጥ አትችልም፤ ምእመናኑም በአገር ቤት ጉዳይ ተከፋፍለው ከሆነ የእናንተ ሥራ የአንዱ ወገን ተደርጎ ይታያል። እስላሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሌላውም ሳይሳቀቅ የሚመጣበትን ስፖንሰር ብታገኙ ይሻላል።

የራስ 501ሲ3

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በስቴቱ የመቋቋሚያ ሰነድ ታስመዘግባላችሁ፤ መለያ ቁጥር ታወጣላችሁ፤ መተዳደሪያ ደንብና የጥቅም ግጭት ፖሊሲ በቦርድ ታጸድቃላችሁ፤ ከዚያ ለአይአርኤስ ታመለክታላችሁ። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ከ50,000 ዶላር በላይ እንደማታስገቡ ከገመታችሁና ንብረታችሁ ከ250,000 ዶላር ካልበለጠ አጭሩን ፎርም 1023-ኢዚ ትጠቀማላችሁ፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉው ፎርም 1023 ነው፤ ክፍያው 600 ዶላር። ድርጅቱ በተመሠረተ በ27 ወር ውስጥ ካመለከታችሁ ፈቃዱ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ ይጸናል፤ ካለፈ ግን ካመለከታችሁበት ቀን ብቻ ነው። አጭሩ በሳምንታት ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ሙሉው ወራት ይፈጃል።

አጭሩ ፎርም አንድ ወጥመድ አለው። የመቋቋሚያ ሰነዱን አያይዙ ስለማይላችሁ ሰነዱ ጎዶሎ ቢሆንም ፈቃዱ ሊመጣ ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ፋውንዴሽን ሰነዱን ሲጠይቅ ዓላማው «የኢትዮጵያውያንን መብት ማስከበር» ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ድርጅቱ ሲፈርስ የተረፈው ንብረት ወደየት እንደሚሄድ የሚናገር አንቀጽም የለውም። ሁለቱ የግድ ናቸው፦ ዓላማው በግልጽ የትምህርትና የበጎ አድራጎት መሆኑ፣ ንብረቱም በመፍረስ ጊዜ ለሌላ ተመሳሳይ ድርጅት እንጂ ለአባላት እንደማይከፋፈል። አይአርኤስ የናሙና ቃላት አዘጋጅቷል፤ እንዳለ ውሰዱት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ቢመስልም የማይቋረጥ ነው። ገቢያችሁ በመደበኛነት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በየዓመቱ 990-ኤን የሚባል አጭር የኢንተርኔት መግለጫ ታስገባላችሁ፤ የበጀት ዓመታችሁ በዲሴምበር 31 የሚዘጋ ከሆነ ቀኑ ሜይ 15 ነው። በ15 ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። ግን ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ድርጅት ፈቃዱ ያለ ምንም ክርክር በራሱ ይሰረዛል። የማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚወድቁበት ትልቁ ጉድጓድ ይህ ነው፤ የሚሆነውም ገንዘብ ያዡ ሌላ ከተማ ሲሄድ ይለፍ ቃሉም አብሮት መሄዱ ነው። የኢሜል አድራሻው የድርጅቱ ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት የቦርድ አባላት ይወቁት። ከፌዴራሉ በተጨማሪ የስቴቱ ዓመታዊ መግለጫና ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚያስፈልገው ምዝገባ አለ፤ የቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የዲሲ ደንብ የተለያየ ስለሆነ በሦስቱም ገንዘብ የምትሰበስቡ ከሆነ ሦስቱንም ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዋናው ገደብ። 501ሲ3 ማንንም ተወዳዳሪ መደገፍም መቃወምም ፈጽሞ አይችልም። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 በሊንደን ጆንሰን ሐሳብ አቅራቢነት ነው፤ ጆንሰን ያኔ የቴክሳስ ሴናተር ነበሩ። የሚፈትናችሁ ሐበሻ ሲወዳደር ነው። የኛ ልጅ ለከተማ ምክር ቤት ቀረበ፤ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ የቴሌግራም ቻናሉን የሚያስተዳድረው ወጣት ፎቶውን ለጥፎ «ወገኖቼ፣ እንምረጠው» ይላል። ይህች አንዲት መልእክት ጥፋት ናት። ድርጅቱ ላወጣው ወጪ 10 በመቶ ቅጣት ግብር ሊጣልበት፣ ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል። የቦርድ አባላት እንደ ግለሰብ መደገፍ ሙሉ መብታቸው ነው፤ በራሳቸው ገጽ፣ በራሳቸው ጊዜና ገንዘብ፣ በድርጅቱ ስብሰባ ላይ ሳይሆን። ይህን ምርጫው ከመድረሱ በፊት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁሉም አባል ይፈርም፤ በሙቀቱ ጊዜ ለማስረዳት መሞከር ሰው ያስቀይማል።

የተወዳዳሪዎች መድረክ ግን ይፈቀዳል፤ ከምታደርጉት ሁሉ ምርጡም ሊሆን ይችላል። ለቦታው የቀረቡትን ሁሉ በተመሳሳይ ቀን በተመሳሳይ ደብዳቤ ጋብዙ፤ ግብዣውን አስቀምጡት። አወያዩ ገለልተኛ ይሁን፤ ጥያቄዎቹ ስለ ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲና አነስተኛ ንግድ፣ ስለ ደኅንነት ሰፊ ሆነው ይዘጋጁ፤ ጊዜው ለሁሉም እኩል ይሁን። «ይህን ትፈጽማለህ ብለህ ቃል ግባልን» አትበሉ።

ሎቢ የተከለከለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አልተከለከለም፣ ተለክቶ ነው የተፈቀደው። ሕጉ «ከሥራችሁ ከፍተኛ ድርሻ አይያዝ» ብሎ በደፈናው ይተወዋል። ፎርም 5768 የምትባለውን አንድ ገጽ ስታስገቡ ግን በቁጥር ይሆናል፦ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ዓመታዊ ወጪ 20 በመቶውን ለሎቢ ማዋል ትችላላችሁ፤ ከዚያ ውስጥ ሩቡን ሕዝቡን «ለተወካያችሁ ደውሉ» ብሎ ለመቀስቀስ። በዓመት 40,000 ዶላር የምታወጡ ከሆነ 8,000 ዶላር ለሎቢ፣ ከእሱ እስከ 2,000 ዶላር ለሕዝብ ቅስቀሳ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የሚቆጠረው ገንዘብ ብቻ ስለሆነ የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት አይገባም። ደሞዝተኛ ለሌለው ቡድን ይህ ማለት በተግባር እጅግ ሰፊ ነጻነት ነው፤ ፎርሙን የማያስገቡ ማኅበራት በከንቱ እጃቸውን ያስራሉ።

ሎቢ የሚባለውና የማይባለውም መለየት አለበት። ለካውንቲ ምክር ቤት ቀርቦ «ይህን በጀት አጽድቁ» ማለት ሎቢ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ያሳለፈው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 እንዲጸድቅ ለኮንግረስ አባላት መደወልም፣ የውሳኔ ሐሳቡ አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም፣ ሎቢ ነበር። ለትምህርት ቤት ቦርድ «ደብዳቤው በአማርኛም ይላክልን» ማለት ግን፣ የፎርም 5768ን ስሌት ከመረጣችሁ፣ ሎቢ ውስጥ አይቆጠርም፤ ቦርዱ እንደ አስተዳደር አካል ነውና። የምርጫ ቢሮውን የአማርኛ ማብራሪያ እንዲያዘጋጅ መጠየቅም እንዲሁ። ብዙው የማኅበረሰባችን ጥያቄ በዚህ ወገን የሚወድቅ ስለሆነ ሳትፈሩ ጠይቁ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አገልግሎት እንዲሰጡ የሆነው ማኅበረሰቡ በመጠየቁ ነው።

ገንዘብ ስትፈልጉ ደግሞ ይህን ዕወቁ። የግል ፋውንዴሽኖች ለመራጮች ምዝገባ ብለው ለይተው ገንዘብ መስጠት የሚችሉት ቢያንስ በአምስት ስቴቶች ለሚሠራ ድርጅት ነው። በአንድ ካውንቲ የምትሠሩ ሆናችሁ ማመልከቻው ላይ «ለመራጮች ምዝገባ» ብላችሁ ብትጽፉ የሐሳቡ ጥሩነት አያድናችሁም። ለአጠቃላይ ሥራ ማስኬጃ ወይም ለዜግነት ትምህርት ጠይቁ፤ ከአጠቃላዩ ገንዘብ ለምዝገባ ማዋል የእናንተ ውሳኔ ነው።

501ሲ4

ዋናው ሥራችሁ ሕግ ማስለወጥ ከሆነ መንገዱ 501ሲ4 የሚባለው ከግብር ነጻ የሆነ ሌላ ዓይነት ድርጅት ነው። ሎቢው ገደብ የለውም። ዋና ሥራው እስካልሆነ ድረስ ተወዳዳሪንም በስም መደገፍ ይቻላል፤ የየስቴቱን የምርጫ ገንዘብ ሕግ ማክበር ግን አይቀርም። አመሠራረቱ ቀላል ነው፦ በስቴቱ ከተመዘገባችሁ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ፎርም 8976ን በኢንተርኔት ታስገባላችሁ፤ ክፍያው 50 ዶላር ነው። ብትዘገዩ በየቀኑ 20 ዶላር እስከ 5,000 ዶላር ይቆጠራል። ዓመታዊው የ990 ግዴታ እዚህም አለ፤ የሦስት ዓመቱም መሰረዝ እንዲሁ።

የሚያጣው ለጋሽን ነው። መዋጮው ከግብር አይቀነስም፤ አብዛኞቹ ፋውንዴሽኖችም አይደርሱበትም። ስለዚህ የሚኖረው በአባላት ወርሃዊ መዋጮ ነው። መቶ ሰው በወር 10 ዶላር ቢያዋጣ በዓመት 12,000 ዶላር ነው፤ የሐበሻ ማኅበር በመዋጮ መኖርን ከማንም በላይ ያውቃልና የማይቻል አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አቋቁሞ ትምህርቱን በ501ሲ3፣ ሎቢውን በ501ሲ4 መሥራትም ይቻላል። ያ ግን ሁለት ባንክ፣ ሁለት ቃለ ጉባኤ፣ የጋራ ሠራተኛ ካለ የሰዓት መዝገብ ይጠይቃል፤ የ501ሲ3ው ገንዘብ የሌላውን ፖለቲካ ከደጎመ ሁለቱም ይወድቃሉ። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ሳይኖራችሁ አትግቡበት።

ዓላማችሁ ሰው ማስመረጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፓክ (ለምርጫ ገንዘብ የሚሰበስብና የሚያወጣ የፖለቲካ ኮሚቴ) ነው። ለፌዴራል ምርጫ በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ የሰበሰበ ወይም ያወጣ ቡድን በ10 ቀን ውስጥ በፌዴራሉ ምርጫ ኮሚሽን መመዝገብ አለበት፤ ገንዘብ ያዥ ከሌለው መንቀሳቀስ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማዋጣት ይችላል፤ ዜጋም ግሪን ካርድ ያዥም ያልሆነ ግን አንድ ዶላር መስጠትም ሆነ ገንዘቡ ለማን ይሂድ በሚለው ውሳኔ መካፈል አይችልም። ለዜጎች ተሳትፎ ሥራ ይህ መነሻ አይደለም፤ ሥራው በአብዛኛው በምርጫ ሰሞን የሚሠራ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀር

ከሁሉ የሚከብደው አደጋ የምታገለግሉት ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው የፌዴራል ምርጫ መመዝገቢያ ፎርም ላይ «ዜጋ ነኝ» ብሎ ከፈረመ፣ ባያውቅ እንኳ፣ ኋላ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያጣ፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው «ተመዝግበህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ አባትና እናት ግሪን ካርዳቸውን ይዘው «ወረቀት አለኝ» ይላሉ። ስለዚህ ፎርሙን ከመዘርጋት በፊት፦ «እማማ፣ የዜግነት ሰርተፊኬት ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት አለዎት?» ጥርጣሬ ካለ ፎርሙ አይሰጥ፤ በምትኩ የዜግነት ትምህርት ክፍላችሁ ይመዝገቡ።

ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ፣ ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጡ ፈቅደዋል። መልካም ዕድል ነው። ነገር ግን የዜግነት ወይም የጥገኝነት ጉዳይ ያለው ሰው በቅድሚያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ እናንተ በጠረጴዛ ላይ የምትወስኑለት ጉዳይ አይደለም።

ፎርም ተመላሽ የሚሆነው በአብዛኛው በስም ነው። የአባትና የአያት ስም በመንጃ ፈቃዱ፣ በሶሻል ሴኩሪቲውና በዜግነት ሰርተፊኬቱ ላይ በተለያየ ቦታና ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲዞር ተዛብቶ ይሆናል። ሰውየው በቃሉ የነገራችሁን ሳይሆን መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል፣ ቀን በቀን ይገልብጥ። ፊርማው የራሱ እጅ ይሁን፤ ልጁም ቢሆን አይፈርምለት።

አማርኛ በፌዴራሉ የምርጫ ቋንቋ ሕግ ውስጥ የለም፤ ሕጉ የሚያውቀው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ሕንዶችና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት «እንግሊዝኛ አላነብም፣ እንዴት እመርጣለሁ?» ብለው ቤት የሚቀሩ አረጋውያን አሉ። መልሱ የመምረጥ መብት ሕግ አንቀጽ 208 ነው፦ ማንበብ የማይችል መራጭ የሚያግዘውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ መግባት ይችላል፤ የማይፈቀደው አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ ነው። ይህን አንቀጽ በእንግሊዝኛ በትንሽ ካርድ አትማችሁ ለእያንዳንዱ ስጡ፤ አንዳንድ የጣቢያ ሠራተኞች ደንቡን አያውቁትምና ካርዱ ይናገርለት።

«ድምፅ ለሰጠ ቡና በነጻ» የሚል ማስታወቂያ እንዳትለጥፉ። በፌዴራል ምርጫ ለመመዝገብም ሆነ ድምፅ ለመስጠት ዋጋ ያለው ነገር መስጠት ወንጀል ነው። ቡናውን ለመጣው ሁሉ አፍሉት፤ መረጠም አልመረጠም፤ ያኔ ችግር የለውም።

የአገር ቤት ጉዳይ ከአሜሪካው ተሳትፎ ጋር ሲደባለቅም ጥንቃቄ ይሻል። በራሳችሁ እምነት ኮንግረስን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ መንግሥት ወይም በአንድ የኢትዮጵያ ፓርቲ ጥያቄና ትእዛዝ እዚህ ቅስቀሳ ማድረግ እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው የውጭ ወኪሎች ሕግ መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብን ያመጣል። ኤምባሲው አዳራሽ ቢከራይላችሁ፣ አንድ ፓርቲ የመፈክር ጽሑፍ ቢልክላችሁ፣ አትቀበሉ።

እንግዲህ ለማን የቱ?

የቅርቡን ምርጫ ለመድረስ የምትፈልጉ አሥር በጎ ፈቃደኞች ከሆናችሁ ሊጉ ውስጥ ግቡና በዚህ ወር ሠልጥኑ። የዜግነት ትምህርት፣ የአረጋውያን እገዛና የተወዳዳሪዎች መድረክ በየዓመቱ ልትሠሩ ካሰባችሁና የመጀመሪያ ገንዘብ ካገኛችሁ ስፖንሰር ፈልጉ፤ ሦስት ድርጅት አነጋግራችሁ የሦስቱን ውል አወዳድሩ። ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ ከሠራችሁ፣ ከስፖንሰሩ የሚቆረጠው ድርሻ አንድ ሂሳብ ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት ለመቅጠር ከሚበቃው ከበለጠና ሜይ 15ን የማይረሳ ሰው ካለ፣ ያኔ 501ሲ3 አውጡ፤ ፈቃዱ በመጣ ሳምንት ፎርም 5768ን አስገቡ። በአባሎቻችሁ መዋጮ የምትኖሩ ሆናችሁ የታክሲ ሕግ ወይም የኪራይ ቁጥጥር ለማስለወጥ ከተነሳችሁ በ501ሲ4 ጀምሩ፤ 60 ቀኑ የሚቆጠረው ስቴቱ ሰነዱን ከተቀበለበት ቀን ነውና ፎርም 8976ን በዚያው ሳምንት ጨርሱት።